ወደ ቂብላ የምትሄደው ጀልባ

እኛ ወንድሜን በሰላምታ ልንገድለው ነበር። ሰው በበሽታ ይሞታል፣ በመኪና አደጋ ይሞታል፤ የእኛ ልጅ ግን «እንዴት ነህ? ደህና ነህ? ሰውነትህ እንዴት ነው?» እየተባለ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ሊያልቅ ነበር። እንዲህ ስል ጋሽ ከማሉዲን ይከፋቸዋል። ይክፋቸው! እኔም ገና አልበረደልኝም።

ሳጂዳ እባላለሁ። ዳላስ አጠገብ፣ ዩለስ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣራችንን ሊነካ ምንም ሳይቀረው በሚያልፍበት አፓርትመንት፣ ከእናቴ ከኸይሪያና ከታናሽ ወንድሜ ከሱፍያን ጋር ነው የምኖረው። ከኮምቦልቻ ያመጣን አባታችን ነው፣ ሎተሪ ደርሶት። እሱ ወደ አኼራ ከሄደ በኋላ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ። ማታ ስገባ እግሬ አብጦ ነው፤ አፌ ግን አይደክመውም። እናቴ «ያንቺ ምላስ ለብቻው ሺፍት ይገባል» ትለኛለች።

ሱፍያን ሃይስኩል እያለ ሰመር ላይ ሌዊስቪል፣ ሐይቁ ዳር፣ ጀልባ የማጠብ ሥራ አገኘ። አጥቦ ይመጣል ስንል መንዳት ተምሮ መጣ። ያስተማረው ሚስተር ሃርላን የሚባል የፍሪስኮ ሽማግሌ ነው። ትልቅ ካምፓኒ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ከጀልባው በቀር ዘመድ የሌለው ሰው። ልጁን ወደደው። ልጁም ነፋስን በሸራ ይዞ መሄድ የሚባለውን ነገር አንዴ ቀመሰና በቃ፣ ሌላ ወሬ ጠፋ። እራት ላይ ነፋስ፣ መኪና ውስጥ ነፋስ። «ሶ፣ ነፋሱ ከዚህ ሲመጣ...» ይልና ማንኪያውን ሸራ አድርጎ ያሳየናል። ሁለቱ አብረው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እየወረዱ ስንቴ ተመላለሱ።

ሚስተር ሃርላን ለዓመታት ሲዘጋጅበት የኖረ ውድድር ነበረው። ከፍሎሪዳ ተነስቶ አትላንቲክን አቋርጦ ፖርቱጋል ይገባል፤ አንድ ጀልባ ላይ የሚሳፈረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሁለት ሺህ ስምንት፣ ሁሉም ነገር ተሟልቶ ካለቀ በኋላ፣ ሐኪሙ «ልብህ አይችልም» አለው። ሽማግሌው ቤታችን መጣ፣ ሶፋችን ጫፍ ላይ ተቀመጠና «ጀልባዬን ሱፍያን ይውሰዳት» አለ። ለእናቴ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። እያንዳንዱን ቃል ስተረጉም ምላሴን በቆረጠው እያልኩ።

እናቴ የሐይቅ ልጅ ናት፣ ከደሴ አለፍ ብላ ካለችው። ውሃ ዳር ነው ያደገችው። ሆኖም ለእሷ ውሃ ዓሣ የሚወጣበት ነገር ነው እንጂ ሰው የሚገባበት አይደለም። አኮረፈች። ምግብ ሠርታ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥለትና ፊቷን ታዞራለች። ልጁ ከሳ። መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከስግደቷ ተነስታ ጠራችው።

«በየቀኑ ድምፅህን ታሰማኛለህ» አለችው። «አንድ ቀን ከቀረህ ምርቃቴን አነሳለሁ።»

ሱፍያን እሺ አለ። ምን ሊል ነው? የእናት ምርቃት ተነስቶበት ከሚሄድ ቢሰምጥ ይሻለዋል።

የሽኝቱ ቀን ቤታችን ሞላ። ከሁሉ ቀድመው የደረሱት ጋሽ ከማሉዲን ናቸው። የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ እዚህ ታክሲ ይነዳሉ፣ አገር ቤት የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ደግ ናቸው፣ ቁጡ ናቸው፣ ዱዓ ሲጀምሩ ደግሞ ፍሬን የላቸውም። ሰው ሁሉ ጃኬት፣ ካልሲ፣ ተምር ሲያመጣ እሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ሰጡት። ሲፈታ ከመነዳሪ! የከባድ መኪና ጎማ ከመነዳሪ፣ በቀጭን በቀጭኑ ተቆርጦ። ከየት እንዳገኙት አላህ ይወቀው።

«ስንት ጭነት ያሰርኩበት ነገር ነው» አሉት። «ገመድ ይበጠሳል፣ ይሄ ግን ይለጠጣል እንጂ አይከዳህም። ያዘው።»

ሚስተር ሃርላን እዚያው ቆሞ ያያል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሱፍያን ግን ግንባራቸውን ስሞ ተቀበላቸውና ሻንጣው ውስጥ ከተተው።

ሄደ። ውድድሩ ተጀመረ። ኮምፒውተራችን ላይ የጀልባዎቹ ካርታ አለ፤ እያንዳንዷ ጀልባ አንድ ነጥብ ናት። የሱፍያን ቢጫ ናት። እናቴ ኮምፒውተር መክፈት አታውቅም ነበር፤ በሳምንቷ ማንም ሳያግዛት ከፍታ «ልጄ እዚህ ደረሰ» ማለት ጀመረች።

በየቀኑ ከዙሁር፣ ከቀትር ሶላት፣ በኋላ የቤቱ ስልክ ይጮኻል። እኔ የጠዋት ሺፍት ስለምገባ በዚያ ሰዓት እቤት ነኝ። እሱ የሚደውልበት የሳተላይት ስልክ ደግሞ ጣጣ አለው፣ ሰማይ ካላየ አይሠራም። ስለዚህ ልጁ ለማውራት ከጀልባዋ ክፍል ወጥቶ ነፋስና ውሃ ፊቱን እየመታው ነው የሚቀመጠው። መጀመሪያ ላይ ይሄ ትዝም አላለን። እናቴ ትጠይቀዋለች፤ በልተሃል? ለብሰሃል? ትሰግዳለህ?

«እሰግዳለሁ እማ።»

«ወዴት ዞረህ?»

«መዞርም የለብኝ» አላት እየሳቀ። «እኛ የምንሄደው ወደ ምሥራቅ ነው። ጀልባዋ ራሷ ወደ ቂብላ ነው የምትሄደው። አፍንጫዋ መካን እያየ ነው።»

እናቴ ይቺን ነገር ያልነገረችው ሰው የለም። ግሮሰሪ ውስጥ ሳይቀር «ልጄ ቀንና ሌት ወደ ቂብላ ነው የሚሄደው» ትላለች። በባሕሩ የታረቀችው ያኔ ነው።

ከዚያ ሰዉ ሰማ። «ሱፍያን በዚህ ሰዓት ይደውላል» ተባለና ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የመስጂዱ ሰው ሁሉ ከዙሁር በኋላ እኛ ሳሎን መሰብሰብ ያዘ። ስልኩ ስፒከር ላይ ይሆናል። አንዱ ሰላም ይላል፣ ለሌላው ያቀብላል። ጋሽ ከማሉዲን መጨረሻ ላይ ዱዓ ያደርጋሉ፣ ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል፣ ሱፍያንም ከአትላንቲክ አሚን ይላል። ደስ ይላል፤ አልዋሽም፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን እንደዚያ ሞልቶ አያውቅም። ሁሉም «ደህና ነህ?» ይለዋል፤ ለሁሉም «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ሰው ደህና ነህ ሲባል ሌላ ምን ይላል?

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ከማሉዲን ዱዓውን ጀመሩ። ያን ቀን ረዘም አደረጉት። «ማዕበሉን ያብርድልህ» ይላሉ፣ አሚን እንላለን። «ነፋሱን የረህመት ነፋስ ያድርግልህ»፣ አሚን። የሱፍያን አሚን ከእኛ ኋላ መቅረት ጀመረ። አንዴ እኛ ብለን ከጨረስን በኋላ መጣ። ቀጥሎ ጭራሽ አልመጣም። ጋሽ ከማሉዲን ዓይናቸውን ጨፍነው ቀጥለዋል። በስልኩ ውስጥ የሚሰማው ጨርቅ በኃይል ሲመታ፣ ቧ፣ ቧ የሚል ድምፅ ነው። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ነገር አለ።

«ልጁ ተኝቷል እኮ!» አለች ዓለምጌጥ፣ የላይኛዋ ጎረቤታችን። «እያንኮራፋ ነው።»

ልጁ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ፣ ውጪ፣ ማዕበል ዳር፣ እንቅልፍ ጥሎታል። ሸራው ደግሞ እየተርገበገበ ነው፤ ጀልባዋ መንገዷን ስታለች ማለት ነው። «ሱፍያን!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ጮኸች። ሳሎኑ በሙሉ ስሙን ጠራ። የምን መስማት! በመጨረሻ ዓለምጌጥ ስልኩ ላይ ተደፍታ ለጥምቀት እንደምታደርገው እልልታዋን አቀለጠችው። በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተንኳኳ።

«አሚን!» አለ ሱፍያን ደንግጦ። «አሚን፣ አሚን! ደህና ነኝ! ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

ሰዉ ሳቀ። እኔ ግን ስፒከሩን ዘግቼ ስልኩን ነጠቅኩና በረንዳ ወጣሁ፣ በሩን ከኋላዬ ጠረቀምኩት።

«ሰላምታ የለም» አልኩት። «ደህና ነኝ እንዳትለኝ። ምንድን ነው የተበላሸው?»

ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

«ሱፍያን!»

«ሁሉም» አለኝ።

አንድ ማዕበል በበሩ ገብቶ ኤሌክትሪኩን በሙሉ አቃጥሎታል። መሪውን የሚይዝለት አውቶፓይለት ሞቷል። መብራት የለም። ካርታው ላይ ነጥቡን የምትልከው ሣጥን የራሷ ባትሪ ስላላት ነው የተረፈችው። የሳተላይት ስልኩን ቻርጅ ማድረጊያ የለውም፤ ባትሪው ውስጥ የቀረችው ያቺው ናት፣ ስታልቅ አለቀች። መሪውን ቀንና ሌት በእጁ ይዞ ሲደክመው በገመድና በጋሽ ከማሉዲን ከመነዳሪ ያስረዋል። ነፋሱ እስካልተቀየረ ድረስ ከመነዳሪው እየተለጠጠ እየተመለሰ ጀልባዋን ቀጥ አድርጎ ይወስዳታል፣ እሱ ትንሽ ይተኛል። ነፋሱ ሲቀየር ሸራው ይመታል፣ ይነቃል። የእንቅልፉ ሰዓት ደግሞ የትኛው ነው? ቀኑ ሞቅ ሲል፣ ነፋሱ ሲረጋ፤ እኛ «የዓለምጌጥ እህት ደግሞ ሰላም ልትልህ ነው» በምንልበት ሰዓት።

«ለምን አልነገርከኝም? ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሰነበተ። መቼ ልንገርሽ ሳጂ? ጋሽ ከማሉ እየመረቁኝ ‹ይቅርታ፣ ባትሪ እየጨረሱብኝ ነው› ልበላቸው? እማ እየሰማች?»

እንባዬ መጣ፣ ንዴቴም መጣ፣ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። እርዳታ ጥራ አልኩት። «የጭንቅ ቁልፉን ከተጫንኩ መርከብ መጥቶ እኔን ያነሳል፣ ጀልባዋ ግን እዚያው ትቀራለች» አለኝ። «ሚስተር ሃርላን ሌላ ምን አለው? ማለቴ... እስካሁን እየሄደች ነው። ላድርሳት።» እንደ አባቴ ደረቅ ነው። ተስማማን፤ ከአሁን በኋላ ስልኩን የሚከፍተው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። ሚስተር ሃርላን የአየሩን ሁኔታ ይነግረኛል፣ እኔ በአጭሩ እነግረዋለሁ፣ ይዘጋል። እንዴት ነህ የለም። ምንም የለም።

ወደ ሳሎን ተመልሼ ለሰዉ ነገርኩ። አለሳልሼ አልተናገርኩም፤ ማለሳለስ አልችልበትም። ጋሽ ከማሉዲን ፊታቸው ጠቆረ።

«ዱዓ ባትሪ ይፈጃል እያልሽኝ ነው?»

«አዎ፣ ጋሽ ከማሉ። የእርስዎ ይፈጃል።»

«ሳጂዳ!» አለች እናቴ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞረች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። «ከማሉዲን፣ አላህ ያለ ስልክም ይሰማል። እዚሁ እናደርገዋለን። ልጁ ይተኛ።»

«አንቺስ?» አላት አንዱ። «በየቀኑ ድምፁን ካልሰማሁ ብለሽ...»

«ምርቃቴ አልተነሳም» አለች። «ለእኔም አይደውል። ከድምፁ እንቅልፉ ይበልጥብኛል።»

ይሄን ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ቧንቧውን ከፍታ ምንም ያልቆሸሸ ድስት ስታጥብ ቆየች።

ከዚያ ወዲህም ከዙሁር በኋላ ሰዉ ይመጣል፣ ግን ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ይቀመጣል። ጋሽ ከማሉዲን አኩርፈው ሁለት ቀን ቀሩ፤ በሦስተኛው ምንም እንዳልተፈጠረ መጥተው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ከመነዳሪያቸው መሪውን እንደያዘ ስነግራቸው አፍንጫቸውን ተናፈጡና ጣራ ጣራ አዩ። እኔ ደግሞ ያን ቀን በሃፍረት መሬት ተከፈቺልኝ ያልኩት ትዝ አለኝ።

ማክሰኞና ቅዳሜ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማ እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች። ሱፍያን «አሰላሙ አለይኩም» ይላል፣ እኔ «ወአለይኩም ሰላም» ብዬ የአየሩን እነግረዋለሁ፣ «ኦኬ» ይላል፣ ይዘጋል። ያቺን ኦኬ ለመስማት ነው እናቴ እዚያ የምትቆመው። አንድ ቀን ስትሰማት «ጉሮሮውን ጉንፋን ይዞታል» አለች። ከአንዲት ኦኬ!

ክፉዋ ማክሰኞ የመጣችው ልጁ ከግማሽ መንገድ በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ዳላስ ላይ ያን ቀን ሰማዩ ተቀደደ፤ ነጎድጓድ፣ በረዶ። በረራ ሁሉ ቆመ። ተርሚናሉ በአሮጊትና በሽማግሌ ተሞላ፣ አለቃችን «ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም» አለ። እኔ አንዲት ሴትዮ ዊልቸር ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ሚስተር ሃርላን ደወለ። ትልቅ ማዕበል ከላይ፣ ከሰሜን እየወረደ ነው፣ ልጁ በያዘው መንገድ ከቀጠለ ነገ አናቱ ላይ ነው። በእጅ በሚያዝ መሪ ሊያልፈው አይችልም። ዛሬውኑ ወደ ደቡብ መታጠፍ አለበት። ዛሬውኑ!

ዙሁር አልፏል። ቤት ያለችው እናቴ ናት። ደወልኩላት።

«እማ ስሚኝ። ሱፍያን ሲደውል ‹ወደ ደቡብ› በይው። ማዕበል መጥቷል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፍ። ሌላ ምንም።»

«ደቡብ» አለች። «ደቡብ፣ ደቡብ...» «ሳጂዳ፣ እኔ ሰሜንና ደቡብ ይምታታብኛል። ደንግጬ ሰሜን ብለውስ?»

ሰሜን ካለችው ልጁ ማዕበሉ አፍ ውስጥ ነው የሚገባው። እናቴ ፊደል የቆጠረች ሴት አይደለችም፤ ስትደነግጥ የእኔንና የሱፍያንን ስም እንኳ ታቀያይራለች። ወረቀት ላይ ጻፊው እንዳልላት አትጽፍም። ዊልቸሩ ላይ ያለችው ሴትዮ ዞራ ታየኛለች።

«ቂብላው ፊት ለፊቱ ነው አላለም?» አለች እናቴ ድንገት።

«ነው።»

«እንግዲያው ወደ ቀኙ ነው ወይስ ወደ ግራው?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ካርታውን አሰብኩ፣ ቢጫዋን ነጥብ አሰብኩ፣ አፍንጫዋን ወደ ምሥራቅ አዞርኩ። ቀኝ እጄን አነሳሁ።

«ወደ ቀኙ» አልኳት።

«ቀኝ። የምበላበት እጅ። በቃ ገባኝ።»

«እማ፣ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ሰላም እንዳትይው።»

«አውቃለሁ» አለችና እኔው ላይ ዘጋችው።

ቤት የደረስኩት ሊመሽ ሲል ነው። ሰዉ ሄዷል። እናቴ ስልኩ ያለበት ጠረጴዛ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጋሽ ከማሉዲን ቆባቸውን እጃቸው ላይ እያዞሩ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስልኩ ጮኸ። እናቴ አነሳች። ሱፍያን «አሰላሙ አለይኩም» አለ፤ የእናቱን ድምፅ ሳይሆን የእኔን ነው የጠበቀው። እናቴ አልመለሰችለትም። የሰላምታ መመለስ ግዴታ መሆኑን እኛን በአርጩሜ ያስተማረችን ሴት፣ ስንት ቀን ድምፁን የተራበችው ሴት፣ ልጇ ሰላም ሲላት ዝም አለችው። «ቂብላን ፊትህ አድርግ፣ ወደ ቀኝህ ታጠፍ፣ ሩጥ፣ ማዕበል መጣብህ» አለችው። ሳትተነፍስ ደገመችው። «ወደ ቀኝህ፣ የምትበላበት እጅ!» እሱ «እማ? ወደ ቀ...» አለ። ስልኩ ሞተ።

«ከዚያ ወዲህ አልጮኸም» አሉ ጋሽ ከማሉዲን። «አይጮኽምም።»

እናቴ ቀና ብላ አላየችኝም። «ሰላም ብሎኝ ዝም አልኩት» አለች።

«ኸይሪያ፣ እኔ መልሼለታለሁ» አሏት ጋሽ ከማሉዲን። «ከተሰበሰበ ሰው አንዱ ከመለሰ ለሁሉም ይበቃል። ይሄን አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«ለእናት አይበቃም» አለች።

ኮምፒውተሩን ከፈትን። ቢጫዋ ነጥብ በነበረችበት መስመር ላይ ናት፣ አልታጠፈችም። ነጥቧ የምትታደሰው በየስንት ሰዓቱ ስለሆነ ምንም ማወቅ አይቻልም። ሰምቶ ይሆን? «ወደ ቀ» ያለው ገብቶት ነው ወይስ እየጠየቀ ነው? ሚስተር ሃርላን ከፍሪስኮ ይደውላል፣ እኔ «ገና» እለዋለሁ። እናቴ ከኮምፒውተሩ አልተነሳችም። አልበላችም። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ እጇን ያዝኩ።

ንጋት ላይ ሱብሂ ሰግዳ ስትመለስ «ሳጂዳ!» ብላ ጮኸች። ነጥቧ ወርዳለች። ቁልቁል! መስመሩን ትታ ወደ ታች፣ ወደ ደቡብ። እናቴ ስክሪኑን በሻሿ ጫፍ ጠረገችው፣ አቧራ ያሳሳታት ይመስል፤ ነጥቧ እዚያው ናት። «ታጠፈ» አለች። «ልጄ ታጠፈ።» ሁለታችንም ተያይዘን አለቀስን። ለጋሽ ከማሉዲን ስደውልላቸው ተሳፋሪ ጭነው ነበር፤ መኪናቸውን ጥግ አስይዘው ሲያለቅሱ ሰማኋቸው፣ ተሳፋሪውም «ምን ሆንክ?» ሲላቸው።

ማዕበሉ ከእሱ በስተሰሜን አለፈ። ጫፉ ግን ሳይነካው አልቀረም፤ ነጥቧ አንድ ቀን ሙሉ ባለችበት ስትዞር ዋለች። ከዚያ እንደ ታመመ ሰው ቀስ እያለች ወደ ምሥራቅ መሄድ ጀመረች። ሌሎቹ ነጥቦች አልፈዋት ገቡ፣ ውድድሩ አለቀ፣ ሽልማቱም ተሰጠ። የእኛዋ ገና ትሄዳለች። እናቴ በእነዚያ ቀናት ዝም ያለች ሴት ሆነች። ሰው ሰላም ሲላት ሌላውን ሁሉ ታቋርጥና «ወአለይኩም ሰላም» ትላለች፣ ቶሎ፣ የሚያመልጣት ይመስል።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ ምሳ ልንበላ ስንል፣ የቤቱ ስልክ ጮኸ። ቁጥሩ የማናውቀው፣ ረጅም ቁጥር ነው። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እናቴ አነሳችው።

«እማ?» አለ ሱፍያን። ስፒከሩን ሳልነካው እንኳ ይሰማል፤ ከፖርቱጋል የመሬት ስልክ ነው፣ ጥርት ያለ።

«ወአለይኩሙ ሰላም» አለች እናቴ። «ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ።»

ልጁ ገና ሰላም አላለም ነበር። ከዚያ ገባው መሰለኝ፣ ትንፋሹ ተቆራረጠ። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ደህና ነህ?» አለችው።

«አይደለሁም እማ» አላት። «ደህና አይደለሁም። እጆቼ አይጨበጡም። ገመዱ በልቷቸዋል። በጣም ፈርቼ ነበር፣ ብቻዬን ነበርኩ፣ አንድ ቀን የማልመለስ መስሎኝ ነበር...»

እናቴ በእግሯ ወንበር ወደ ራሷ ሳበችና ተቀመጠች። ሻሿን ከጆሮዋ ላይ ገለጥ አደረገች።

«በል ንገረኝ» አለችው። «ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።»